አስራ ስድስት ቁጥር ሽቦ

የሙያዬ ስም ራሱ ድብደባ ነው። ባትላሜራ። ጣሊያኖች ትተውት የሄዱት ቃል ነው፤ ትርጉሙ «ላሜራ ደብዳቢ» ነው አሉኝ፣ እኔም ሳልከራከር ተቀበልኩ። አዲስ አበባ አስራ አንድ ዓመት የተጋጨ መኪና እየደበደብኩ ወደ መልኩ መልሻለሁ። ሲያትል ከገባሁ አስራ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እዚህ የምደበድበው የአየር ቱቦ ነው። ሚስቴ ሰው ባልሽ ምን ይሠራል ሲላት «ይደበድባል» ትልና ዝም ትላለች። ጠያቂዎቹ በሐዘን ከላይ እስከ ታች ሲያዩአት እሷ በሆዷ ትስቃለች።

ወርክሾፓችን ከወንዙ ዳር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ውስጥ ነው። ባለቤቶቹ ሁለት ነን፤ እኔና የሚስቴ ታላቅ ወንድም። ከዚህ በኋላ አማቼ የምለው እሱን ነው። ትከሻው ቁም ሳጥን ያክላል፤ እሱ ሲገባ በሩ ራሱ ትንፋሹን ውጦ ያሳልፈዋል። እዚያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ሲሰበር፣ ሲጨፈለቅ፣ ሲቀደድ ነው የሚውለው። መቁረጫው ማሽን ላሜራውን በአንድ ምት ለሁለት ሲከፍለው የዝሆን አንገት የተቀነጠሰ ይመስላል። የላሜራ ጠርዝ ደግሞ ሲቆርጥህ አይነግርህም። ጓንትህ ውስጥ ሙቀት ይሰማሃል፣ ከዚያ ነው የሚገባህ። በግራ እጄ ላይ ብቻ ሠላሳ አንድ ጠባሳ ቆጥሬአለሁ። ሚስቴ ዘጠኝ ነው ትላለች። እሷ ትናንሾቹን አትቆጥርም።

ስለ ቁጥሩ መጀመሪያ ልንገራችሁ፣ ጉዱ ያለው እሱ ላይ ነውና። እዚህ አገር ላሜራም ሽቦም የሚገዛው በጌጅ ቁጥር ነው፣ ቁጥሩም ግልብጥ ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ብረቱ ይቀጥናል። አስራ ሁለት ቁጥር ሽቦ ከልብስ መስቀያ ሽቦ ወፈር ይላል፤ አስራ ስድስት ቁጥር ከመስቀያውም ያንሳል። አገር ቤትም ጣሪያ ያለበሰ ሁሉ ጌጅን ያውቃታል፤ ሠላሳ አምስት ጌጅ ቆርቆሮ የገዛ ሰው ዝናብ ሲዘንብ ከሚስቱ ጋር በምልክት ነው የሚያወራው። ለመኪናና ለበር የሚሆነውን ላሜራ ግን የምንገዛው በሚሊሜትር ነበር፣ እዚያ ቁጥሩ ሲጨምር ብረቱም ይወፍራል፣ ጤነኛ ሰው እንደሚያስበው። ሶ፣ እኔ በሁለት ሕግ ያደግሁ ሰው ነኝ።

በዚህም አያበቃም። አንድ ዓይነት ቁጥር አንድ ዓይነት ውፍረት አይደለም። አስራ ስድስት ቁጥር የብረት ላሜራ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ አስራ ስድስት ቁጥር አሉሚኒየም ከዚያ ያንሳል፣ ምክንያቱም ሁለቱ የወጡት ከተለያየ ሰንጠረዥ ነው። ግድግዳችን ላይ ሁለቱም ሰንጠረዦች ተለጥፈዋል፣ እኔ ግን በቃሌ እወጣቸዋለሁ። ልደት ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ ይቅር ይበለኝና አንድ ለቅሶ ቤትም ሳይቀር አስረድቻለሁ። ለምን ተገለበጠ ሲሉኝ «ቁጥሩን ያወጣው እንግሊዛዊ ሰክሮ ነበር፣ ከጣሪያው ወደ ታች ቆጠረው» እላለሁ። ይስቃሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ በዚህ ከተማ በጌጅ የማይሳሳት ሐበሻ ማነው ቢባል እኔ ሆንኩ። ሰው ያስደበደበው ይኸው ዝናዬ ነው።

የተደበደበው ሰው ከሲያትል ደቡብ፣ ቡሪየን ከተማ ነው የሚኖረው። ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን ኖሮ ጀርባው ሲያስቸግረው እኛ ጋ ገባ፤ ያኔ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ጴንጤ ነው። አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ መዶሻ አውራ ጣቱን ሲደፈጥጠው እንኳ «ጌታ ሆይ» ብሎ ያልፋል። እንዲህ ዓይነት ሰው ወርክሾፕ ውስጥ ያስጨንቃል፤ እኔ አንድ ስድብ ሳወጣ በእሱ ጸጥታ ውስጥ ወድቃ ስትንከባለል እሰማታለሁ።

ሴንትራል ዲስትሪክት፣ ቼሪ መንገድ ላይ፣ ለአንድ ምግብ ቤት ኩሽና ንጹህ አየር የሚያስገባ ቱቦ ልንሰቅል ተስማማን። ፕላኑ ቱቦው በአስራ ሁለት ቁጥር ሽቦ ከጣሪያው እንጨት ላይ ይንጠልጠል ይላል። ኋላ ባለቤትየው ቱቦው ይስፋልኝ አለ። ሲሰፋ ከበደ። እኔም ከከበደ ሽቦው ይወፍር ብዬ ወሰንኩ፤ እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነኝ። ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ቫኑን ፓርክ አድርጌ፣ ሳንድዊቼን በአንድ እጄ እየገመጥኩ፣ የሚገዛውን በግሮሰሪ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኩ። ሽቦ፣ አስራ ሁለት የነበረው አስራ ስድስት ይሁን። እንዲጠነክር። ያን ደቂቃ እጄ ሲያትል አልነበረም፣ ምናለሽ ተራ ቆሞ ሚሊሜትር ይቆጥር ነበር። ጉልበቱን ወደ ሲሶ አውርጄ፣ ጨመርኩ ብዬ ሳንድዊቼን ጨረስኩ።

የቡሪየኑ ሰው ደረሰኙን አይቶ ገዛና ቫኑ ውስጥ መልሶ ተወው። ረቡዕ ሊሰቅል ሲወጣ ደወለልኝ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ሽቦ አልቀጠነም?»

«አንተ የምታውቀው ሻንጣ ነው» አልኩት። «ሽቦውን ለኔ ተውና ወረቀቱ ያለውን ስቀል።»

«ኦኬ» አለና ሰቀለው።

ሐሙስ ጠዋት አማቼ ከቱቦው ሥር መሰላል ላይ ቆሞ መገጣጠሚያውን ያሽጋል። የቡሪየኑ ሰው ከወዲያ ጫፍ ነው። እኔ በሩ ላይ ዕቃ አወርዳለሁ። ሽቦ ሲበጠስ ሰው እንደሚያስበው አይጮህም። ጥት ይላል፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ። አንዱ ጥት አለ። የሱ ሸክም በጎረቤቱ ላይ ወደቀ፣ ጎረቤቱም ጥት፣ ከዚያ የቀሩት ሽቦዎች ሁሉ ተራ ሳይጠብቁ ለቀቁ። የጮኸው ቱቦው ነው። ቫንኩቨር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። መሰላሉን እንደ ክብሪት እንጨት ሰብሮ አማቼን ይዞት ወረደ፣ የማብሰያ ጠረጴዛው ላይ ከመታው በኋላም አልጠገበም፣ ተገልብጦ በጠርዙ ከጆሮው ሥር እስከ አገጩ ከፈተው። ወጥ ቤቱ ሲከትፈው የነበረው ሽንኩርት ቀላ። የቀኝ ትከሻው አጥንት ሲሰበር በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ይህቺን አላጋነንኩም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይተኛል። አማቼ ተነሳ። ቀኝ እጁ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሏል። ጎንበስ ብሎ የተበጠሰውን ሽቦ በግራ እጁ አነሳ፣ በሁለት ጣቱ መሀል አሸት አሸት አደረገው። ሙያተኛ ነው፣ ሰንጠረዥ አላስፈለገውም።

«በአስራ ስድስት ነው የሰቀልክብኝ?» አለ።

የቡሪየኑ ሰው ሊደግፈው እየሮጠ ነበር የመጣው። እጆቹን እንደዘረጋ የአማቼ ቡጢ አፉ ላይ አረፈ። የግራ ቡጢ ነው፣ ግን የአማቼ ግራ የሌላው ሰው የሁለት ቀኝ ነው። ሁለት የፊት ጥርሶች ወለሉ ላይ ሲነጥሩ አየሁ። ወደቀ። አማቼ ጎኑን ረገጠው፣ ደገመው። ደሙ ከአገጩ እየተንጠባጠበ የሰውዬውን ሸሚዝ ያበሰብሰዋል፣ የማን ደም የማን እንደሆነ መለየት ቀረ።

«ወረቀቱ ነው አስራ ስድስት ያለው» አለ የቡሪየኑ ሰው፣ አፉን ይዞ። «ደውዬም ጠይቄዋለሁ። እሱን ጠይቀው።»

አማቼ ወደ እኔ ዞረ። ግማሽ ፊቱ አይታይም።

«ደውሎልሃል?»

ይህን ጥያቄ ለመመለስ የነበረኝ ጊዜ አንድ ትንፋሽ ነው። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ደረሰኙን አየሁት፣ ሳንድዊቹን አየሁት፣ የአማቼን ግራ እጅ አየሁት።

«አላስታውስም» አልኩ።

«እሱ ነው አስራ ስድስት የሚጽፈው?» አለው አማቼ መሬት ላይ ላለው ሰው። «እሱ ተኝቶ እንኳ ጌጅ አይሳሳትም።» ብሎ ሌላ እርግጫ ጨመረለት። ወጥ ቤቱና እኔ ተረባርበን ያዝነው። እኔ ስይዘው በጣም አጥብቄ ነው የያዝኩት፤ ለሚያየኝ ሰው አስታራቂ እመስል ነበር።

አምቡላንሱ ሲመጣ ወደ ቫኑ ሄድኩ። ደረሰኙ መስታወቱ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። አጠፍኩት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከመንጃ ፈቃዴ ኋላ ሸጎጥኩት።

የቡሪየኑ ሰው ፖሊስ ኮል አድርግ ሲሉት እምቢ አለ። ሥራውን ግን ለቀቀ። ሌላ ጋ ሊገባ ሲጠይቅ በር ሁሉ ተዘጋበት። እዚህ በብረት ሥራ ላይ ያለን ሐበሾች ሰባት ስምንት ወርክሾፕ ብንሆን ነው፣ አማቼም ከሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ለሁሉም ደውሏል። «እንዳትቀጥሩት። ወረቀት ማንበብ አይችልም፣ ሰው ሊገድል ነበር።» ሰውየው ከወር በኋላ ሽማግሌ ላከ። የጠየቀው የጥርሱን አልነበረም። ስሜ ይመለስልኝ ነው ያለው።

በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሬኒየር ቫሊ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ፊት ለፊት ባለ አፓርትመንት ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፣ ይበልጡን የሚናገሩት ግን በዕድሜ የገፉት፣ የቤቱ አባወራ ናቸው። በወጣትነታቸው ብር አንጥረኛ ነበሩ፤ እጃቸው አሁንም ሲያርፍ የሆነ ነገር እንደጨበጠ ነው የሚያርፈው። አማቼ ክንዱ በጨርቅ ታስሮ፣ ፊቱ ላይ የተሰፋው እንደ ዚፕ ተጋድሞ፣ አንድ ሶፋ ብቻውን ሞልቷል። የቡሪየኑ ሰው ከበሩ አጠገብ ጠንካራ ወንበር ላይ ነው። ሲናገር በጥርሶቹ ቦታ አየር ያፏጫል። እኔ የተጠራሁት ለምስክርነት ነው።

«በል እስቲ» አሉኝ ሽማግሌው፣ «ይሄ ቁጥር ምንድነው? አስራ ስድስት ከአስራ ሁለት አይበልጥም እንዴ?»

«በጌጅ ይገለበጣል፣ አባባ። ቁጥሩ ሲያድግ ሽቦው ይቀጥናል። ያወጣው እንግሊዛዊ ሰክሮ…»

«የምን ስካር ነው?» አሉ። ማንም አልሳቀም። «እኔ ሽቦ ስጎትት ነው ያደግሁት። ብሩን መጀመሪያ ቀጥቅጠህ በትር ታደርገዋለህ። ከዚያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት ወፍራም የብረት ሳህን አለ፤ ቀዳዳዎቹ ተራ በተራ እየጠበቡ ይሄዳሉ። ጫፉን በሞረድ አሹለህ በሰፊው ቀዳዳ ታሾልከዋለህ፣ በጉጠት ጨምድደህ፣ እግርህን ግድግዳ ላይ ተክለህ ትጎትተዋለህ። ይጮኻል። ከዚያ በሁለተኛው። ከዚያ በሦስተኛው። በመሀል ይደነድንና አልሄድም ይላል፤ እሳት ታሳየውና ትቀጥላለህ። ካላሳየኸው ይበጠሳል።» ተነስተው ቆሙ፣ ባዶ አየር ጨምድደው ሲጎትቱ ክንዳቸው ላይ ያለው ጅማት ሁሉ ወጣ። «ቁጥሩ የቀዳዳው ቁጥር ነዋ። አስራ ስድስት ማለት አስራ ስድስት ጊዜ አልፏል ማለት ነው። ውፍረቱን አይደለም የሚነግርህ፣ ያየውን ፍዳ ነው።»

እኔ ሃያ አምስት ዓመት በዚህ ሙያ ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር። ኋላ ቤቴ ገብቼ ሳነብ እውነት ነው፤ እንግሊዞቹም ሽቦውን እንዲሁ ነበር የሚጎትቱት፣ እያንዳንዱ ወርክሾፕ የራሱ ሳህን የራሱ ቀዳዳ ስለነበረው የአንዱ አስራ ስድስት ከሌላው አስራ ስድስት አይገጥምም፣ ገዢና ሻጭም ይነታረኩ ነበር። ላሜራውም የወረሰው ያንኑ ግልብጥ አቆጣጠር ነው። እዚያ ሳሎን ግን ይህን ሁሉ አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ ቦርሳዬ ነው።

ሽማግሌው ተቀመጡና ወደ ፍርዱ ገቡ። ፍርዱ የታወቀ ነው፤ ሁለታችሁም ይቅርታ ተጠያየቁ። አማቼ ስለ ጥርሶቹ፣ የቡሪየኑ ሰው ስለ ሽቦው።

አማቼ ተነሳ። አንድ እጁ ታስሮ መንበርከክ ለቁም ሳጥን ቀላል አይደለም፣ ግን ወረደ። «የመታሁህን ይቅር በለኝ» አለ ወለሉን እያየ።

«ይቅር ብያለሁ፣ ከልቤ ነው» አለ የቡሪየኑ ሰው። ካለ በኋላ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። «ሽቦውን ግን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። ባላደረግሁት ይቅርታ ብጠይቅ ውሸት ነው።»

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው፣ «ለሰላም ብለህ ትንሽ ዝቅ ብትል ምን ይጎድልብሃል?»

«ስሜ፣ አባባ።»

ሁለተኛው ሽማግሌ «የኛን ፊት አይተህ» አሉት። ሦስተኛው «ስለ ፈጣሪ ብለህ» አሉት። የቤቱ አባወራ ደግሞ «ይሄ ሰው አንገቱን ሰብሮ ተንበርክኮልህ አንተ ቆመህ ልትቀር ነው?» አሉት። አንዱ ይለቃል፣ አንዱ ይይዛል። ለሰላም ብለው ነው፣ ክፋት የለባቸውም። አልቅሶ የማያውቀው ሰው ዓይኑ ሞላ። ላብ አጠመቀው። ወደ እኔ አንድ ጊዜ አየ፣ «ደውዬልህ አልነበር?» አላለም፤ ቢለው ይሻለኝ ነበር። ከዚያ የወንበሩን ጠርዝ ይዞ ጉልበቱን ማጠፍ ጀመረ።

«ቆይ» አልኩ።

ቦርሳዬን አወጣሁ። ደረሰኙ ከመንጃ ፈቃዴ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ብሎኝ ጫፉን ቀደድኩት። ለሽማግሌው ሰጠኋቸው፣ እሳቸው መነጽር ፈልገው ሲያጡ ለአማቼ አሳለፉለት።

«የኔ ጽሕፈት ነው» አልኩ። «እንዲወፍር ብዬ ነው ቁጥሩን ወደ ላይ ያወጣሁት። ደውሎልኛልም። አስታውሳለሁ፣ ያን ቀንም አስታውስ ነበር።»

አማቼ አነበበው። ድጋሚ አነበበው። ከዚያ ተነሳ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተንጠለጠሉበት፣ እሱ ሁለቱንም እንደ ካፖርት ለብሶ ወደ እኔ መምጣቱን ቀጠለ። ሦስተኛው እግሩን ያዙት። የቤቱ ሰው ሁሉ አማቼን ለመያዝ ሲረባረብ የቡሪየኑን ሰው መያዝ ለማንም አልታሰበው።

በጥፊ ነው የመታኝ። አንድ ጊዜ። እኔ በሕይወቴ ብዙ ተመትቻለሁ፣ ሻንጣ ሲጭን በኖረ ሰው እጅ ግን አልተመታሁም ነበር። ባቡሩ በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ሳይወጣ ቀረ። መሀል የነበረውን ባለመስታወት ጠረጴዛ ይዤ ወደቅሁ፣ መስታወቱ ሥሬ ተንኮታኮተ፣ ስረጋ በጉልበቴና በመዳፌ ላይ ነኝ፣ ከንፈሬ እየደማ።

ሰውዬው የገዛ እጁን የሰው ዕቃ ያነሳ ይመስል አየው። ከዚያ ማንም ሳይለምነው ፊቴ ተንበረከከ።

«ይቅርታ እጠይቅሃለሁ» አለኝ። «ይሄን ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

ይቅር ብያለሁ አልኩት። እኔም ይቅርታ ጠየቅሁ፤ መንበርከክ እንኳ አላስፈለገኝም፣ አልተነሳሁም ነበርና። አሰብ አደረገና «እሺ» አለ። «ስልክህን አውጣ። አማችህ ለደወለላቸው ሁሉ ደውል። ስፒከር ላይ አድርገው።»

እዚያው የተሰበረ መስታወት መሀል ተቀምጬ ደወልኩ። አማቼ ሶፋው ላይ እያለከለከ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበልኝ። ለመጀመሪያው «ሽቦውን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ምንም አላጠፋም» ስለው በሳቅ ፈነዳ። «አንተ ሰውዬ አትረባም» አለና ሚስቱን ጠርቶ ድገምላት አለኝ። ሁለተኛው ምን ልትሸጥልኝ ፈልገህ ነው አለኝ። ሦስተኛው ደግሞ እሱ ላይ እየቀለድክ ነው፣ ምስኪን ሰው ላይ አይቀለድም ብሎ ተቆጣኝ። በማልኩ ቁጥር ይስቃሉ። ለሳቅ ያለማመድኳቸው እኔው ነኝ፣ ማንን እወቅሳለሁ።

አራተኛው ጋ ስደርስ ድምፄ ተሰብሮ ነበር። «አንተ? በጌጅ?» አለ ሰውየው እየሳቀ። «ተው እንጂ።»

የቡሪየኑ ሰው ጎንበስ አለና ወደ ስልኩ ተጠጋ። ጥርሶቹ በነበሩበት ቦታ አየሩ ቀስ ብሎ አፏጨ።

«እውነቱን ነው» አለ።

ከወዲያ ሳቁ ቆመ፤ ሥራ ሊጠይቀው ሄዶ የነበረውን ሰው በድምፁ ለየው። «እሺ» አለ ሰውየው። «አንተ ካልክ እሺ። ሰኞ መምጣት ትችላለህ?»